ወፍ ጠባቂው



ወሎ ውስጥ ቃሉ አካባቢ ያደገ ሰው «ወፍ ጠባቂ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማሳው መሐል ማማ ይሠራል፤ ልጅ ይወጣበታል፤ ወንጭፉን በእጁ፣ የጠጠር ክምሩን በአጠገቡ አድርጎ ከጎህ እስከ ምሽት የወፍ መንጋ ሲያባርር ይውላል። እኔም ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በየዓመቱ ማማ ላይ ወጥቻለሁ። መንጋው እንደ ደመና መጥቶ ካረፈ በጥቂት ቀን ውስጥ ማሳው ባዶ አገዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ወፍ ለእኛ ጠላት ነበረች ብል ማጋነን አይሆንም።

አያቴ (አላህ ይዘንላቸውና) ግን አንድ የማይጣስ ደንብ ነበራቸው። «አባርሩ እንጂ ጎጆዋን አትንኩ» ይሉናል። ወፍ ከማሳው የበላችው ሁሉ ለዘራው ሰው ሰደቃ ሆኖ እንደሚቆጠርለት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈውንም ይነግሩናል። ያም ሆኖ ከማማው አያወርዱንም። ታላቅ ወንድሜ አንድ ቀን «ሰደቃ ከሆነማ ለምን እናባርራለን?» ብሎ ቢጠይቃቸው «የሷ ድርሻ ሰደቃ ነው፤ የቀረው የናንተ ራት ነው፤ ውጣ ይልቅ!» አሉት። እኔም ልጅነቴን በሙሉ ስንት ወፍ በጠጠር እንዳስደነገጥሁ አላህ ነው የሚያውቀው፤ ጎጆ ግን አንድም ቀን አፍርሼ አላውቅም። ጎጆ ያፈረስሁት ካደግሁ፣ ከወለድሁ፣ ወፍ ወዳጅ ነኝ ማለት ከጀመርሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ ነው። ከቤታችን ጀርባ ሁለት ምንጣፍ ቢዘረጋባት የምትሞላ የምትመስል ጓሮ አለችን፤ በአንድ ወገኗ የሰው ቁመት ያለው የቁጥቋጦ አጥር ከጎረቤታችን ይለየናል። እንግሊዞች ጓሮ ለሚመጡ ወፎች ያላቸው ፍቅር ለእንግዳ ሰው ያስገርማል። ወፎችን የሚጠብቀው ንጉሣዊ ማኅበራቸው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ከ1979 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር መጨረሻ ሕዝቡ ለአንድ ሰዓት መስኮቱ ላይ ተቀምጦ በጓሮው ያረፉትን ወፎች ቆጥሮ ያስመዘግባል። ልጄ አንድ ዓመት ይህንኑ ቆጠራ የቤት ሥራ ተሰጥቷት መጣች። አብሬያት ተቀመጥሁ። ስድስት ድንቢጦች፣ ደረቱ የቀላ አንድ ሮቢን፣ ጥንድ ብላክበርድ አየን። ብላክበርድ ወንዱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ምንቃሩ ብርቱካን የመሰለ፣ ሴቷ ግን ቡናማ የሆነች ወፍ ናት። ድምፁን ከሰማችሁ አትረሱትም፤ በምሽት ከጣራ ጫፍ ሆኖ ሲያዜም ሥራ የሚያስፈታ ነው።

ከዚያ በኋላ እህል መግዛት ጀመርን። እናቴ በስልክ ይህን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እኛ ወፍ እያባረርን አሳደግንህ፤ አንተ በገንዘብህ ትቀልባታለህ? ምነው ያኔ ማሽላውን ስታስበላት አልነገርኸኝ!» አለችኝ። እውነትም ያስቃል። እኔ ግን ብርዱ በሚከብድባቸው ወራት የሚያደርጉትን አይቼ በዚያው የምቀጥል ይመስለኝ ነበር። የእህል ዕቃ ማንጠልጠል፣ ኦቾሎኒ መበተን፣ የተረፈ ዳቦና ሳንቡሳ መጣል። ወፍ የምትረዳው በዚህ ነው ብዬ ልቤ ሞልቶ ነበር። ወፎቹ ልጅ የሚያሳድጉበት ወቅት፣ ማለትም ከማርች እስከ ኦገስት ያለው ጊዜ፣ ሌላ ዓይነት እርዳታ እንደሚፈልግ አልገባኝም ነበር።

እ.ኤ.አ. የ2021 ረመዷን ያለቀው በሜይ ወር አጋማሽ ነበር፤ ዒዱም ሐሙስ ሜይ 13 ዋለ። ያኔ በኮሮና ምክንያት እንግዳ ቤት ውስጥ መቀበል ገና አልተፈቀደም፤ ከቤት ውጪ ግን ሁለት ቤተሰብ መገናኘት ይችላል። ወንድሜ ከነቤተሰቡ እንዲመጣ ተቀጣጠርን። ከአንድ ዓመት በላይ አብረን ማዕድ አልቆረስንም። ስለዚህ ዒዱ የሚከበርባት ያቺ ጓሮ ማማር አለባት ብዬ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በጾም አፌ የኤሌክትሪክ አጥር መቁረጫ ይዤ ወጣሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አጥሩን እንደ ወታደር ጠጉር ከረከምሁት። ወደ ጫፉ ስደርስ አንዲት ቡናማ ወፍ ከፊቴ ፈንጥራ ወጣች። ልብ አላልሁም። የመጨረሻዋ ቅርንጫፍ ስትወድቅ በጭቃና በሣር የተሠራች ጎጆ ፊት ለፊቴ ተገለጠች፤ ውስጧ ሦስት ላባቸው ገና ያልሞላ ጫጩቶች። እናታቸው የመጣች መስሏቸው ነው መሰለኝ ሦስቱም አፋቸውን ከፈቱልኝ።

መቁረጫውን አጠፋሁ። የወደቁትን ቅርንጫፎች ሰብስቤ ጎጆዋን ልሸፍን ሞከርሁ። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ግን መልሶ አይበቅልም። ጎረቤታችን፣ ሰማንያ ዓመት የደፈኑ አሮጊት፣ በአጥሩ ላይ አይተው ምንም የቁጣ ቃል አልተናገሩም። «አሁን ራቅ በላት፤ አጠገቡ ከቆምህ አትመለስም» ብቻ አሉኝ። ራቅሁ። ከመስኮት ሆነን ስናያት እናቲቱ በእርግጥም ትል ይዛ ተመለሰች። አልሐምዱሊላህ አልሁ። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ ዋለች።

የዒድ ዕለት ሱብሒ ሰግደን መጋረጃውን ስንገልጥ ጎጆዋ ባዶ ነበረች። ማግፓይ የሚሏት ጥቁርና ነጭ ወፍ ትሁን ወይም የሰፈሩ ድመት አላየሁም። ማንም ይሁን ማን፣ መንገዱን የከፈትሁለት እኔ ነኝ። እናቲቱ በተከረከመው አጥር ላይ ከጫፍ ጫፍ እየዘለለች ትጮሃለች። በምንቃሯ ትል ይዛለች። ለማን እንደምትሰጠው ግን የላትም።

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከመስኮቱ አልነቃነቅ አለች። በዚያው ሰሞን የመድረሳ ኡስታዟ የሑመራህን ታሪክ ነግረዋቸው ኖሯል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሳሉ ሰሐቦች የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶችን ወስደው ወፏ ክንፏን እያርገበገበች ስትመጣ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህችን ወፍ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠይቀው ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት ማዘዛቸውን የሚያወሳው ሐዲስ ነው፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ልጄ ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ ያስጨነቃት አንተ ነህ?» አለችኝ። 

ምን ይባላል? «አላወቅሁም» አልኋት። «ሳታይ ነው የምትቆርጠው?» አለች። ደጁ ተንኳኳ፤ ወንድሜ ከነልጆቹ «ዒድ ሙባረክ» እያለ ገባ። ያን ቀን ምግቡ ጣፍጦ እንደሆነ አላስታውስም። በበላን ቁጥር ያቺ ወፍ ከጀርባችን ትጮሃለች።

ማታ ባለቤቴ ልጃችንን ስታስተኛ የአቡ ዑመይርን ነገር አጫወተቻት። ይህ ሕፃን የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞታበት ሲያዝን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ እየጠየቁ እንዳጫወቱት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ያን ሁሉ ሥራ ተሸክመው አንድ ሕፃን ለወፉ ያዘነውን ሐዘን ሐዘን ብለው ቆጠሩለት። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ «እንግዳ አለ፣ አታልቅሺ» ስላት ነበር የዋልሁት። በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት አሮጊቷን ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድሁ። ሻይ አቅርበው ከአጥሩ ማዶና ማዶ ተቀምጠን አስተማሩኝ። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ሕግ እንቁላል ወይም ጫጩት የያዘችን፣ ገና በመሠራት ላይ ያለችንም ጎጆ ሆን ብሎ ማፍረስን ይከለክላል። ማኅበሩም ከማርች እስከ ኦገስት አጥር እንዳይከረከም ይመክራል። እኔ ሆን ብዬ እንዳላደረግሁት ቢያውቁም «ቁጥቋጦው ሲወፍር ለአንተ ስንፍና ይመስልሃል፤ ለሷ ግን ግድግዳዋ ነው» አሉኝ። ከዚያ በጣም ያጽናናኝን ነገር ነገሩኝ። ብላክበርድ በአንድ ወቅት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ትፈለፍላለች። የመጀመሪያው ቢጠፋባት ተስፋ አትቆርጥም፤ እንደገና ትሠራለች።

እውነትም ከዒዱ አሥር ቀን ያህል በኋላ ደረቅ ሣር በምንቃሯ ይዛ ወደ አሮጊቷ ግድግዳ ስትበር አየናት። ግድግዳውን የሸፈነው ጥቅጥቅ ያለ ሐረግ ውስጥ ገባች። ልጄ ይህን ስታይ በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጣ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ትምህርቱን በቁም ነገር ያዝነው። ወፍ ራሷ እህል ብትበላም ልጆቿን የምታሳድገው በአብዛኛው በትልና በነፍሳት ነው። ድንቢጥ እንኳ፣ እኛ የእህል ሌባ የምንላት፣ ጫጩቶቿን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትመግበው ነፍሳት ነው። ብሉ ቲት የምትባል ከድንቢጥ የምታንስ ሰማያዊና ቢጫ ወፍ አለች፤ በዓመት አንዴ ብቻ፣ ግን ስምንትም አሥርም እንቁላል ትጥላለች። አንድ ጫጩት ደግሞ በቀን እስከ አንድ መቶ አባጨጓሬ ይበላል። አባዙት እስቲ! ሁለት ወላጆች፣ ከጎህ እስከ ማታ፣ በቀን እስከ አንድ ሺህ አባጨጓሬ። እኔ ደግሞ ጽጌረዳዬን ክሽክሽ በላብኝ ብዬ በየሳምንቱ መድኃኒት እረጭ ነበር። በአንድ እጄ ኦቾሎኒ እሰጣለሁ፤ በሌላው እጄ የልጆቻቸውን ምግብ እገድላለሁ። መርጫውን ጣልሁት። አንድ ጥግ ሣሩ ሳይታጨድ እንዲያድግ ተውነው። ባለቤቴ በመጀመሪያ «ሰው ምን ይላል» ብላ ነበር፤ አሁን ግን ከእኔ በላይ የምትከራከርለት እሷ ናት።

ኦቾሎኒውም ቢሆን ስህተት ነበረበት። ሙሉውን ፍሬ ከበተንን ወላጆቹ ለጫጩት ይወስዱታል፤ ጫጩቱን ሊያንቀው ይችላል። በዚህ ወቅት የሚሰጠው ወይ ተከክቶ ነው፣ ወይም ወፏ በትንሹ እየቆረጠች ብቻ ልትወስድ በምትችልበት የሽቦ ወንፊት ውስጥ ሆኖ ነው፤ ጨውም የነካው መሆን የለበትም። የተፈለፈለ ሱፍ ይስማማቸዋል። ደረቅ ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ ጫጩት አያሳድግም። ቅመምና ጨው ያለው የኢፍጧር ትራፊማ ጨርሶ የወፍ ምግብ አይደለም። ለዓመታት ሳንቡሳ ስበትን የኖርሁ ሰውዬ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል።

በጁን ወር መጨረሻ ከአሮጊቷ ሐረግ ውስጥ የወጣ አንድ ጫጩት ሣራችን ላይ ዱብ አለ። ላባው ሞልቷል፤ ጅራቱ ግን ጉቶ ነው፤ መብረር አይችልም። ልጄ ሣጥን ይዛ ሮጠች። ወድቋል፣ እናቱ ጥላዋለች፣ እናሳድገው ነው ነገሩ። እዚህ ላይ ከአሮጊቷ የተማርሁት ባይኖር ኖሮ ሁለተኛ ጥፋት እናጠፋ ነበር። የብላክበርድ ጫጩት ከተፈለፈለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገና ሳይበር ነው ከጎጆው የሚወጣው። ወላጆቹ ከዚያ በኋላም ሦስት ሳምንት ያህል በየቁጥቋጦው ሥር እየተከተሉ ይመግቡታል። ሰው ሲያየው የተጣለ ይመስለዋል፤ እናቱ ግን ትል ይዛ ጣራ ላይ ቆማ የምትጠብቀው ሰውየው እስኪሄድላት ነው። ወደ ቤት ማስገባት ከእናቱ መንጠቅ ማለት ነው። አደጋ ላይ ካለ ቅርብ ወዳለ ቁጥቋጦ ማሻገር ይበቃል። የሰው እጅ ስለነካው እናቱ አትተወውም፤ ያ የቆየ ወሬ ነው።

ጫጩቱን በሁለት እጄ አንስቼ አጥሩ ሥር አስገባሁትና ወደ ቤት ገባን። የሰፈሩ ድመት ግን አጥሩ ላይ ተጋድሟል። ምን ላድርግ? ወንበር አወጣሁና በሩ ላይ ተቀመጥሁ። ድመቱ በተነሣ ቁጥር አጨበጭባለሁ። በዚያ ወቅት እዚህ መግሪብ የሚገባው በአገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ረጅም መሆኑን ያን ቀን አወቅሁት። ልጄ ሻይ ይዛልኝ መጣችና «አባዬ፣ አያቴ የምትለው ወፍ ጠባቂነት ይኼ ነው?» አለች። ሳቄ መጣ። ከማማው ላይ ወርጄ ስንት ዓመት ሆነኝ? አሁንም ወፍ ጠባቂ ነኝ፤ ጠጠር ብቻ ነው የጎደለኝ። ጎረቤታችን ከመስኮታቸው እያዩኝ ነበር፤ በማግሥቱ ድመቱ አንገት ላይ ቃጭል ታስሮ አየን። ባለቤቱን ማን እንዳነጋገራቸው አልጠየቅሁም።

ስለ ውኃ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ ጥልቀት የሌለው ሳሕን፣ መሐሉ ላይ ድንጋይ፣ ውኃው በየቀኑ የሚለወጥ። ግን አንድ ዓመት ይህ ሳሕን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አይተናል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2022 በእንግሊዝ አገር ሙቀቱ ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ዲግሪን አልፎ 40.3 ደረሰ። መሬቱ እንደ ሸክላ ተሰነጠቀ። መሬት ሲደርቅ ትል ወደ ታች ይወርዳል፤ ብላክበርድም ለልጆቿ የምትሰጠው ታጣለች። ባለቤቴ አትክልት ያጠበችበትን ውኃ ማታ ማታ በአንድ ጥግ አፈር ላይ ታፈስ ጀመር። በማግሥቱ ጠዋት ብላክበርዷ እዚያችው እርጥብ ቦታ ላይ ቆማ አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ ታዳምጣለች። ከዚያ በአንድ ምት ትሏን ትመዝዛታለች።

ስለ ንጽሕና ግን ዝም አልልም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና። አንድ ዓመት ግሪንፊንች የምትባል አረንጓዴ ወፍ መመገቢያው ሥር ተነፋፍታ፣ ስንጠጋት እንኳ ሳትበር፣ እህሉን መዋጥ አቅቷት አየን። በማግሥቱ ሞታ አገኘናት። ይህ ከ2005 ወዲህ በዚህ አገር በፊንች ወፎች ላይ የተዛመተ፣ በጥገኛ ተሐዋስያን የሚመጣ የጉሮሮ በሽታ ምልክት ነው። የሚተላለፈው ወፎች በአንድ ላይ ከሚበሉበትና ከሚጠጡበት ዕቃ ነው። ግሪንፊንች በዚህ ሰበብ እጅግ ከመመናመኗ የተነሣ በዲሴምበር 2021 ለመጥፋት ከሚያሰጉት ቀይ መዝገብ ውስጥ ገብታለች። መመገቢያችን ቆሽሾ ኖሯል። እኛ ማዕድ ዘርግተን በማዕዱ ላይ በሽታ አቅርበናል። ወዲያው ምግቡን አቋረጥን፤ ለወፎቹ የታመመ ሲታይ እንዲበተኑ ማድረግ ይሻላልና። እንደገና ስንጀምር በየሳምንቱ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቦታውን መቀያየር ደንብ ሆነ። የዓርብ ሥራ ነው፤ ከጁሙዓ ስመለስ የማጥበው እኔ ነኝ።

አሮጊቷ ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት ወደ ልጃቸው ቤት ተዛውረዋል። ሲሄዱ ቤቱን ለገዙት ሰዎች ሐረጉን እንዳይነቅሉት አደራ ማለታቸውን ነገሩኝ። ሰዎቹ እስከ ዛሬ አልነቀሉትም። ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ በሜይ ወር ሰውየው የአጥር መቁረጫ እንዳለኝ ጠይቆኝ ነበር። አለኝ አልሁት፤ ግን ከሴፕቴምበር በፊት አላበድርም። ለምን ሲለኝ ወንበር አውጥቼ የዒዱን ነገር ነገርሁት።

መቁረጫው ጎተራችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጄ ዛሬ ከእናቷ ቁመት ደርሳለች። ያኔ በስምንት ዓመት እጇ ጽፋ የለጠፈችበት ወረቀት ግን አሁንም አለ፤ ጠርዙ ቢቀደድም ይነበባል። አንድ ቃል የሌለበት የወፍ ጎጆ ሥዕል ነው፤ ውስጡ አፋቸውን የከፈቱ ሦስት ጫጩቶች አሉ።

እናቴ አሁን ስደውል ከልጆቹ ቀጥላ የምትጠይቀኝ ስለ ወፏ ነው። «ያቺ ጥቁሯ ዘንድሮም ወለደች?» ትለኛለች። ጥቁሩ ወንዱ መሆኑን ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ወለደች እላታለሁ። «ስንት?» ትላለች። አጥሩን ገልጬ እንዳላየሁ፣ ልቆጥርም እንደማልፈልግ እነግራታለሁ። «ደግ አደረግህ» ትላለች። ከዚያ ስለ ማሽላው ታወራኛለች፤ ዘንድሮ ማማው ላይ የወንድሜ የልጅ ልጅ ወጥቷል።